አረሩን ጠልቆ ወይም ገልብጦ መሰካት፦ "ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን ለውጥ ያመጣል?" ላልከኝ ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት። ሌላም ሰው እንዲረዳው ባጭሩ ልድገመው። "ጋሼ፣ የባህር ዳር ልጅ ነኝ፣ ኑሮዬ ግን አሜሪካ ነው፣ አሁን ለእረፍት መጥቼ ነው። እዛ ለዒላማ ተኩስ የሽጉጥ ጥይት ራሴ መሙላት ጀምሬያለሁ፣ 9 ሚሊ ሽጉጥና 38 ስፔሻል ሪቮልቨር አሉኝ። ጓደኛዬ ለ38ቱ አረሩን ሙሉ በሙሉ አስገብቶ ከቀለሁ አፍ እኩል ነው ሚሰካው፣ አንድ ሽማግሌ ደሞ ድሮ አረሩን ገልብጠን ቂጡን ወደፊት አድርገን እንሰካ ነበር አሉኝ። እኔም በ9 ሚሊው ልሞክር ብዬ 12 ፍሬ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ጠለቅ አድርጌ ሠርቼ ቤት አስቀምጫለሁ፣ ስመለስ ነው ምተኩሳቸው፣ ቀጥሎ ገልብጬ እሞክራለሁ። ባሩዱን አልጨመርኩም። ግማሽ ወይ አንድ ሚሊ ሜትር ምን ለውጥ ያመጣል?"

መጀመሪያ መልሱን ልስጥህና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። እነዛን 12 ፍሬዎች አትተኩሳቸው። በ38ቱ ጓደኛህ የሚሠራው ነገር ልክ ነው፣ ምክንያቱም ጥይቱም አረሩም የባሩዱም ልክ ለዛ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። በ9 ሚሊ ግን ጠልቆ መሰካት አይሆንም፣ መገልበጥ ደሞ ጭራሽ አይሆንም። ወጣ አድርጎ መሰካት በልኩ ይሞከራል፣ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

ማን ነህ እንዳትለኝ፣ እኔ 11 ዓመት በሠራዊቱ ውስጥ የነፍስ ወከፍ መሣሪያ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ፣ ከዛ ውጭ አገር ወጥቼ አንድ የመሣሪያ ጥገና ሱቅ ውስጥ 9 ዓመት ቆየሁ፣ ጥይት መሙላት የተማርኩት እዛ ነው፣ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ፍሬ ሞልቻለሁ። አሁን ጣና ዳር ቤቴ ተቀምጬ ዕቃውንም ሥራውንም ትቻለሁ፣ ግን ስለዚ ነገር ሲጠይቁኝ ዝም ማለት አልችልም፣ ምክንያቱም ሰው እጁን ሲያጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቃላቱን እንግባባ። ጥይት ስል ሙሉውን ፍሬ ነው። አረር ከፊት የሚወጣው፣ ቀለህ የነሐሱ ቆብ፣ ባሩድ ውስጡ ያለው፣ ፕራይመር ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው መቺው የሚነካት ክብ ነገር። መሙላት ስል ቀለህ ላይ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ገጥሞ ጥይት መሥራት ነው። መሰካት ስል አረሩን ፕሬስ በሚባለው መጫኛ ማሽን ወደ ቀለሁ አፍ መግፋት ነው።

አሁን ጥያቄህ የተሳሳተው የት ጋ መሰለህ፣ "ባሩዱን አልጨመርኩም" ያልከው ጋ ነው። ባሩዱን አልጨመርክም፣ ክፍሉን ግን ቀንሰሃል፣ ለባሩድ ደሞ ሁለቱ ተመሳሳይ ነገር ናቸው። ሒሳቡን እንየው። የ9 ሚሊ ቀለህ ርዝመቱ 19.15 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ የተለመደ ባለ 124 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረር 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ስትሰካው 5 ሚሊ ሜትር ያህሉ ውስጥ ይገባል። ከአረሩ ስር ለባሩዱ የሚቀረው ባዶ ቦታ ከግማሽ ሲሲ ብዙም አይበልጥም፣ የመድኃኒት መርፌ ላይ ያለችውን የግማሽ ሲሲ ምልክት አስባት፣ እሷ ናት። አረሩ በስፋቱ 64 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሆናል፣ ስለዚ አንድ ሚሊ ሜትር ባስገባኸው ቁጥር ከዛች ትንሽ ክፍል ላይ ከስምንት አንድ ያህሉን ወሰድክ ማለት ነው። ከጠመንጃ ጥይት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብታስገባ ክፍሉ ሰፊ ስለሆነ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፣ ከ9 ሚሊ ላይ ግን ግድግዳውን ገፍተህ ሳሎኑን ጓዳ ማድረግ ነው።

ይሄም ብቻ ቢሆን ግፊቱ በስምንት አንድ ጨመረ ብለህ ልታልፈው ትችል ነበር። ነገሩ እንደዛ አይሄድም። የሽጉጥ ባሩድ ፈጣን ነው፣ ጭስ አልባው ባሩድ ደሞ ጠባዩ እንዲህ ነው፦ ግፊት በጨመረበት መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ደሞ መልሶ ፍጥነቱን። ሜዳ ላይ በትንሽ ክምር ብትለኩሰው ፍስስ ብሎ ይነድና ያልቃል፣ ዘግተህ ስትለኩሰው ነው አውሬ የሚሆነው። ስለዚ ክፍሉን በትንሽ ስታጠብ ግፊቱ በትንሽ አይጨምርም፣ ይዘላል። ስፒር የሚባለው አረር አምራች በመሙያ መመሪያው ላይ ያወጣው ሙከራ አለ፣ 9 ሚሊ ላይ አረሩን ሆን ብለው 0.76 ሚሊ ሜትር ብቻ ጠለቅ አድርገው ሲሰኩት ሲዩፒ በሚባለው የድሮ መለኪያ 28,000 የነበረው ግፊት 62,000 ገባ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው፣ አንዲት የባሩድ ፍሬ ሳትጨመር። ያንተዎቹ 12ቱ ከዛም ጠልቀዋል።

መሣሪያው ምን ያህል እንደሚችል ደሞ እወቅ። ሳሚ የሚባለው የአሜሪካ መሣሪያና ጥይት አምራቾች የደረጃ ተቋም ከ1926 ጀምሮ ያለ ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፣ እሱ ለ9 ሚሊ ያስቀመጠው ጣሪያ 35,000 ፒኤስአይ ነው፣ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው፣ ጎማ የሚለካበት። የቤት መኪና ጎማ 30 እስከ 35 ነው የሚነፋው፣ ስለዚ ልኩ የሆነው ጥይት እንኳ የጎማውን ሺህ እጥፍ ነው ከእጅህ ጥቂት ጣት ርቆ የሚፈነዳው። ፋብሪካው ለስህተት የተወሰነ መተንፈሻ ትቶልሃል፣ ግን እጥፍ አልተወልህም።

ሰዎች "ጠቅጠቅ አድርገህ ስካው" የሚሉት ከየት እንደመጣ እኔ አውቃለሁ፣ ከኛም ሽማግሌዎች የሰማሁት ነው። አያቴ ውጅግራ ነበረው፣ ከሠራዊት ስመለስ "ባሩድ ካልተጠቀጠቀ ይፈጃል" ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ለሱ። ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው፣ የ1874 ሥራ፣ የሚበላው ጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲሆን አረሩ ባሩዱ ላይ ተጭኖ መቀመጥ አለበት፣ መሐል ላይ ባዶ አየር ከተውክ እሱ ነው በርሜል የሚያሳብጠው። ከጣና ወዲያ ጋፋት ላይ በአጤ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ ሲሠራ የነበረው ባሩድ ይሄው ጥቁሩ ነው፣ ጭስ አልባው ባሩድ ፈረንሳይ አገር የተፈለሰፈው ከዛ በኋላ በ1884 ነው። ጥቁሩ ታፈነም አልታፈነም የሚነድበት ፍጥነት ያን ያህል አይቀያየርም፣ ጭስ አልባው ግን ከላይ እንዳልኩህ ነው። ስለዚ የአያቶቻችን ምክር ለአያቶቻችን ባሩድ ትክክል ነበር፣ ያንን ይዘህ ወደዚህኛው ስትመጣ ነው ችግሩ። አንተን ያነጋገሩህም ሰውዬ ሳይሆን አይቀርም እንደዛው፣ ለሳቸው መሣሪያ የሠራ ነገር ነው የነገሩህ።

እሺ ታድያ የጓደኛህ 38 ለምን ይሠራል? እሱን ካልገባህ 9 ሚሊውን ትሞክረዋለህና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። 38 ስፔሻል በ1898 የወጣ ጥይት ነው፣ ቀለሁ 29.3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ያኔ ጥቁር ባሩድ ስለነበር በሰፊው ነው የተሠራው፣ ዛሬ ባለው ባሩድ ቀለሁ ውስጥ የምትጨምረው ትንሽዬ ነገር ከስሩ ትቀመጥና ከላይ ያለው ባዶ ነው። በዛ ላይ የግፊት ጣሪያው 17,000 ፒኤስአይ ብቻ ነው፣ ከ9 ሚሊው ግማሽ ያነሰ። ዋድከተር የሚባለው የዒላማ አረር ደሞ ከፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ወረቀት ላይ ክብ ንጹህ ቀዳዳ እንዲቆርጥ፣ 148 ግሬን ማለትም 9.6 ግራም ይመዝናል፣ ከቀለሁ አፍ እኩል ሆኖ እንዲሰካ ተብሎ ነው የተሠራው፣ የባሩዱም ሠንጠረዥ አረሩ እዛ ድረስ መግባቱን ቆጥሮ ነው የወጣው። ጓደኛህ ልማድ አልጣሰም፣ መመሪያውን ነው የተከተለው፣ ላየው ሰው ነው እንግዳ የሚመስለው። እንዲያውም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1961 ሞዴል 52 የሚባል ሽጉጥ አውጥቷል፣ ካርታው፣ ማለትም የጥይት መያዣው፣ 5 ፍሬ ነው የሚይዘው፣ የሚበላውም ይሄንኑ እኩል የተሰካ ዋድከተር ብቻ ነው፣ አረሩ ወጣ ካለ አይሠራም።

ሌላም ምሳሌ አለ፣ እኔ በሠራዊት ቤት እያለሁ የድሮ የሩሲያ ናጋንት ሪቮልቨር ጠግኛለሁ። የ1895 ሥራ ነው፣ 7 ጎራሽ። የሱ ጥይት አረሩ ጭራሽ አይታይም፣ ከቀለሁ አፍ ገባ ብሎ ነው የተቀመጠው። መጀመሪያ ሳየው የተበላሸ ጥይት መስሎኝ ለአለቃዬ ወስጄ አሳየሁት። ለካ ቃታውን ስትስብ ሲሊንደሩ ወደፊት ይሄድና የቀለሁ አፍ በርሜሉ ውስጥ ገብቶ ጋዙን ይደፍነዋል፣ ለዛ ነው ቀለሁ ከአረሩ ያለፈው። እና ነገሩ ይሄ ነው፣ ጠልቆ መሰካት በራሱ ሐጢያት አይደለም፣ ጥይቱ ከነመሣሪያው ለዛ ታስቦ ከተሠራ። ለ9 ሚሊ አልታሰበም።

38ቱ ላይ ግን ሌላ አደጋ አለ፣ ይሄን ለጓደኛህም ንገረው። ባሩዱ ትንሽ ቀለሁ ሰፊ ስለሆነ ሁለቴ ብትጨምርበት ሞልቶ አይፈስም፣ ሦስቴም ይይዛል። አረሩ ከገባ በኋላ ደሞ ከውጭ ምንም አይታይህም። ሁሌ አረር ከመሰካትህ በፊት ሃምሳውንም ቀለህ እንጨት ላይ ደርድረህ በባትሪ ከላይ እያበራህ አንድ በአንድ እይ፣ የባሩዱ ከፍታ እኩል መሆን አለበት። ስልክ ከተደወለልህ ወይ ሰው ከመጣብህ ሥራውን አቁም፣ ስትመለስ የት ላይ ነበርኩ ካልክ ደፍተህ ከእንደገና ጀምር።

ወደ መገልበጥ እንምጣ። ሰውዬው የነገሩህ ባዶ ወሬ አይደለም፣ ተሠርቷል። ከዋድከተሮቹ አንዱ ዓይነት ቂጡ እንደ ስኒ የጎደጎደ ነው፣ ሲተኮስ የስኒው ከንፈር ተከፍቶ በርሜሉን እንዲደፍን ነው። ሰዎች እሱን ገልብጠው ጎድጓዳውን ወደፊት አደረጉት፣ ሲመታ በደንብ እንዲከፈት ብለው። ግን ሁለት ነገር አስተውል። አንደኛ፣ ጎድጓዳው ወደ ውስጥ በነበረ ጊዜ ባዶነቱ ለባሩዱ ቦታ ሆኖ ያገለግል ነበር፣ ስትገለብጠው ጠፍጣፋው ወደ ባሩዱ ይዞራል፣ ቦታው ያንስና ያው ግፊቱ ይጨምራል፣ ስለዚ ለቀጥታው የወጣው ሠንጠረዥ ለተገለበጠው አይሆንም። ሁለተኛ፣ ያ አረር ክብደቱ ከፊት ስለሆነ ነው ቀጥ ብሎ የሚሄደው። ጦር አስብ፣ ብረቱ ከፊት ነው፣ እንጨቱን ከፊት አድርገህ ብትወረውረው ይዋልላል፣ የተገለበጠውም አረር ርቀቱ ሲጨምር እንደዛ ነው የሚሆነው። ያንተ ዓላማ ዒላማ ከሆነ ምን ይጠቅምሃል? በዛ ላይ ያ ጎድጓዳ አረር በቀጥታውም ቢሆን ባሩድ ከበዛበት ስስ የሆነው ጎኑ ተቀዶ በርሜል ውስጥ ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥይት እሱን ያገኘዋል፣ በርሜሉ ያብጣል ወይ ይሰነጠቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ጀርመኖች የጠመንጃ አረር ገልብጠው ታንክ ብረት ላይ ተኩሰዋል፣ ጭንቅ ያመጣው ነገር ነው፣ መሣሪያውንና ተኳሹንም የጎዳበት ጊዜ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ለመዝናኛ የሚደረግ አይደለም።

አሁን ያንተን 9 ሚሊ እንገልብጠው፣ በሐሳብ። አረሩ ከፊት ሾጣጣ ክብ፣ ከኋላ ቀጥ ያለ ሲሊንደር ነው አይደል። ቀለሁ አረሩን የሚይዘው ቀጥ ያለውን ክፍል ጥብቅ አድርጎ በማቀፍ ነው። ስትገለብጠው ወደ ቀለሁ የሚገባው ሹሉ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ብታስገባ የገባው ሾጣጣው ብቻ ስለሆነ ቀለሁ የሚያቅፈው ነገር የለም፣ በጣትህ ነካ ብታደርገው ይወድቃል። እንዲያዝ ከፈለግክ ሹሉን በሙሉ አሳልፈህ ከቀጥታውም ላይ ጨምረህ ማስገባት አለብህ፣ ያኔ ደሞ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ገባ ማለት ነው፣ ባሩዱን ጨፍልቆ ይቀመጣል። የ9 ሚሊ ቀለህ ግድግዳው ወደ ስር እየወፈረ ስለሚሄድ ቀለሁ ራሱ መሐሉ ላይ ያብጣል፣ ሽጉጡም አይጎርሰውም። ብዙ ካላስገባኸው ደሞ ሙሉ ስፋቱ ውጭ ይቀርና ሲጎርስ በርሜሉ ላይ ካለው ጠመዝማዛ ቦይ ጋር ይጋጫል። በየትም ብትዞር ቦታ የለውም። ይሄን ወረቀት ላይ በሚሊ ሜትር ሥለህ ብታየው አንድም ጥይት ሳታባክን ይገባሃል፣ እንደዛ ዓይነት ሙከራ እኔም እወዳለሁ።

ወጣ አድርጎ መሰካትስ? ይሄ የሚሞከር ነው፣ የማወቅ ፍላጎትህን እዚህ ላይ አውለው። ለ9 ሚሊ የሙሉ ጥይቱ ትልቁ ርዝመት 29.69 ሚሊ ሜትር ነው። ከዛ አታልፍም፣ ካርታውም አያስገባልህም። ግን ከዛ በታችም ቢሆን የያዝከው አረር ቅርጹ ሰፋ ያለ ከሆነ ቦዩን ቀድሞ ሊነካ ይችላል፣ ነክቶ የቆመ አረር ደሞ ለመነሳት ስለሚከብደው ግፊት ይጨምራል። ስለዚ በርሜሉን ከሽጉጡ ፈትተህ አውጣው፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገህ ያዘው፣ የሠራኸውን ጥይት ከላይ ጣለው። ቀጭ ብሎ ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት፣ በጣትህ ስታዞረው በነፃ መዞር አለበት፣ በርሜሉን ስትገለብጠው ራሱ መውደቅ አለበት። ሲዞር ትንሽ ከጎተተህ ወይ ተጣብቆ ከቀረ አረሩ ነክቷል፣ አጥረው። እኔ አንዴ ይሄን ሳላደርግ ሜዳ ሄጄ ጥይቱን ላወጣ ወደኋላ ስስብ ቀለሁ ብቻ መጣ፣ አረሩ በርሜሉ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ፣ ባሩዱ መሣሪያው ውስጥ ተበተነ፣ ያንን በብሩሽ እየለቀምኩ ነው የዋልኩት።

ቦይ ሳይነካ በመመሪያህ ላይ ካለው ርዝመት ተነስተህ 0.2 ሚሊ ሜትር እየጨመርክ ሦስት ዓይነት ርዝመት፣ ለያንዳንዱ 10 ፍሬ ሥራ። ባሩዱ የሠንጠረዡ መነሻ ላይ ይሁን፣ ጣሪያው ላይ አይደለም። ቀለሁ ከአንድ ፋብሪካ ይሁን፣ የተደባለቀ ቀለህ የግድግዳው ውፍረት ይለያያል፣ ያኔ የለካኸው ርዝመቱን ይሁን ቀለሁን አታውቅም። ፍጥነት መለኪያ ክሮኖግራፍ ተዋስ። ፍጥነቱ ያለ ምክንያት ከጨመረ ግፊቱም ጨምሯል። "ፕራይመሩ ሲጠፈጠፍ አቆማለሁ" እንዳትለኝ ብቻ፣ በሽጉጥ ጥይት ላይ ያ ምልክት ሲታይህ ብዙ ጊዜ ከልክ አልፈሃል፣ ሰዎች ጠመንጃ ላይ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው እሱ።

አያያዙንም እይ። ብዙ ሰው አረሩን የሚይዘው አፉ ላይ የሚደረገው ማጥበቂያ ይመስለዋል። አይደለም፣ የሚይዘው ቀለሁ በርዝመቱ ሁሉ የሚያቅፈው ነው። 9 ሚሊ ሲጎርስ የሚቆመው በቀለሁ አፍ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ጠርዙን እንደ ሪቮልቨር ወደ ውስጥ ብትጠቀልለው ማረፊያ ያጣል፣ ቀስ ብለህ ማስተካከል ብቻ ነው። ጨርሰህ ስታበቃ ጥይቱን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አረሩን አስደግፈህ ባውራ ጣትህ ጠንከር አድርገህ ግፋው፣ ከዛ በካሊፐር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ በሚለካው መለኪያ፣ ለካ። ካጠረ አያያዙ ደካማ ነው፣ ሽጉጡ ሲያጎርሰው ደሞ ከጣትህ በላይ ነው የሚመታው። በሪቮልቨር ተገላቢጦሽ ነው፣ ሲተኮስ በሚመጣው ምት የሌሎቹ አረሮች ወደፊት ይሳቡና ሲሊንደሩን ይቆልፉታል፣ ለዛ ነው እሱ ላይ ጠርዙ የሚጠቀለለው።

ይሄ ወደ ውስጥ መገፋት ነገር እዚህ ባህር ዳር ላላችሁ ጥይት ለማትሞሉትም ይመለከታል፣ ስለዚ ትንሽ ልውጣ። ፈቃድ ያለው ጥበቃ ሁሌ ማታ ያቀባብላል፣ ጠዋት ያወጣል፣ ያወጣትን ፍሬ መልሶ ካርታው አናት ላይ ያደርጋታል፣ ማታ እሷኑ ያቀባብላል። አንዷ ጥይት ወር ሙሉ አፍንጫዋን ትመታለች፣ አረሩ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ባለፈው አንድ የማውቀው የጥበቃ ልጅ ሻይ ልንጠጣ ተገናኝተን ካርታውን አራግፎ ጠረጴዛው ላይ አቆማቸው፣ ስምንቱም በቂጣቸው ቆመው፣ በዓይን ዝቅ ብለን ስናይ አንደኛዋ ከጓደኞቿ ታንሳለች፣ በግልጽ ነው የሚታየው፣ እንደ አጭር ልጅ መሐላቸው ገብታ። ለይቶ አስቀመጣትና ለመሥሪያ ቤቱ መለሰ። ማንም ሰው ያለ ምንም ዕቃ ሊያደርገው የሚችል ፍተሻ ነው፣ ካርታህን አራግፍ፣ አቁማቸው፣ ዝቅ ብለህ እይ፣ ያጠረችውን አትጠቀም፣ አናት ላይ የምትሆነውንም ቀያይር።

እንደዛች ያጠረች ፍሬ ምን እንደምትሠራ አይቻለሁ። ውጭ እያለሁ ከአንድ ሰው ጎን ቆሜ ስንተኩስ ነው። ድምፁ ከሌላው የተለየ ነበር፣ የደረቀ ጩኸት። ካርታው ወደ ታች ተተፍቶ እግሩ ስር ወደቀ፣ የመያዣው ሁለቱም ጎን ተሰነጠቀ። ቀለሁን ሳነሳው ከስሩ በኩል፣ ጥይቱ ወደ በርሜል የሚገባበት ምላስ ያለበት ቦታ ላይ፣ ነሐሱ ተቀዶ ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ ብረት የማይደግፈው እሱ ቦታ ብቻ ስለሆነ ጋዙ በዛ ነው የወጣው። መዳፉ ጠቁሮ አብጦ ሁለቱ ጣቶቹ ለወራት አልታጠፉለትም። መነጽር ባያደርግ ኖሮ ስለ ዓይኑም ነበር የምነግርህ። እሱም ባሩድ አልጨመረም ነበር።

እዚህ እያለህ ደሞ ምንም እንዳትሞክር፣ ይሄን የምልህ የምትወደው አገርህ ገብተህ ችግር ላይ እንዳትወድቅ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው፣ ቤት ውስጥ ለራሴ ነው ብሎ ነገር የለም። ሙከራውን እዛው በሚፈቀድበት ቦታ አድርገው። በነገራችን ላይ እዚህ ገበያ የምታያቸው የምሥራቁ ወገን ቀለሆች ብዙዎቹ ውስጣቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ያላቸው ናቸው፣ በተለመደው ዳይ (ፕሬሱ ላይ የሚገጠመው፣ ቀለሁን የሚያጠብና ፕራይመሩን የሚነቅል ብረት) ፕራይመራቸው አይወጣም፣ ማካሮቭ የሚባለው የሩሲያ ሽጉጥ አረር ደሞ 9 ይባል እንጂ ስፋቱ 9.2 ከፍ ይላል፣ ያንተ 9.03 ስለሆነ አይለዋወጡም። ይሄን የምነግርህ ለመታሰቢያ ቀለህ ሰብስበህ ይዘህ እንዳትሄድ ነው፣ ኤርፖርት ላይ ባዶ ቀለህም ጣጣ ያመጣብሃል።

ስለ 12ቱ ፍሬዎች። ስትመለስ ካሉበት አውጥተህ ማንም እንዳይሳሳት ቀይ ምልክት አድርግባቸው፣ አብሮህ የሚኖር ሰው ካለ አሁኑኑ ደውለህ እንዳይነካቸው ንገረው። አረር መንቀያ አለ፣ መዶሻ የሚመስል ፕላስቲክ፣ ዋጋው ብዙ የሚከብድህ ነገር አይደለም። ጥይቱን ውስጡ አስገብተህ ጭንቅላቱን በጠንካራ ነገር ላይ፣ ሲሚንቶ ይሁን ወፍራም እንጨት፣ ሦስት አራት ጊዜ ስትመታው አረሩ ራሱ እየተሳበ ይወጣል። መነጽር አድርግ፣ አንድ በአንድ ሥራ። ባሩዱን ወደ ዕቃው አትመልሰው፣ አብሮት ምን እንደገባ አታውቅም፣ አትክልት ላይ በትነው። አረሮቹ ካልተጫሩ ይሠራሉ። ቀለሆቹን ግን ፕራይመሩን እንደያዙ ዝም ብለህ መልሰህ አትስካባቸው፣ አፋቸው አንዴ ስለተከፈተ እቅፋቸው ላልቷል፣ የፕራይመር መንቀያውን መርፌ ከዳዩ ላይ አውልቀህ ቀለሁን በዳዩ መልሰህ አጥብበው፣ ከዛ እንደ አዲስ ጀምር። ስትጨርስ የ12ቱንም ርዝመት በሚሊ ሜትር ጻፍልኝ፣ የአረሩን ፋብሪካና ክብደትም፣ ከመመሪያህ ጋር አስተያይቼ የትኛው ርዝመት ላይ መጀመር እንዳለብህ እነግርሃለሁ።